ምንጣፎቹን መልሰሽ ጠቅልያቸው

ሱቫ፣ ኦገስት 9 ቀን 2021

ለምወድሽ እናቴ ለሎሴና፣

እማዬ፣ ለቀብሩ ያወጣሻቸውን ምንጣፎች መልሰሽ ጠቅልያቸው። አባዬ አልሞተም! ይህን ስጽፍልሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የጎደሬው ቅቅል ጨው አነሰው ብሎ እየተነጫነጨ ነው። ሞተ ብሎ ያወራብንን ያንን የጀልባ ሰው ሳገኘው ጆሮውን ነው የምይዘው። ሬዲዮው ተበላሽቶ፣ መርከብ ተከልክሎ፣ ብቻሽን ስታለቅሺ እንደሰነበትሽ ሳስበው ሆዴ ይባባል። ይህ ደብዳቤ ወደ ደሴታችን ክትባት ይዞ በሚመጣው ጀልባ ይደርስሻል።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አባዬ ዓይኑን ከታከመ በኋላ በኮሮናው ምክንያት መንገዱ ተዘግቶበት እኔ ቤት እንደቀረ ታውቂያለሽ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከበረንዳው አልወረደም። ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ሻዩን ሳይጨርስ ትንፋሽ አጠረው። ይዤው ወደምሠራበት ድንገተኛ ክፍል ሮጥኩ። እዚያ ደግሞ ቦታ ሞልቶ፣ በሽተኛው ደጅ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነበር የሚተኛው። እንደ ምንም አልጋ ተገኘለት፣ ኦክስጅን ተደረገለት። እሱ ግን እምቢ አለ። ጭንብሉን ያወልቃል። ሳንባው እንዲከፈት በሆድህ ተኛ ስንለው፣ "እኔ ኤሊ ነኝ እንዴ? ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ፤ አልጋውን ለወጣት ስጡት" ይላል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረብኝ። በሦስተኛው ቀን ከንፈሩ ጠቆረ። እኔም በልቤ ተሰናበትኩት፤ አሁን ስለዳነ ነው የምነግርሽ።

የዚያን ዕለት ፔናያ የሚባል ነርስ ተራው ደረሰና ገባ። ከላይ ከተራራው ነው፤ መንደራቸው ከአባዬ መንደር ጋር ታውቩ ነው። ካርዱ ላይ የአባዬን መንደር ሲያነብ ፊቱ በራ።

"ኧረ ይሄ የዓሣ ጭንቅላት ሲመጥ የኖረ ሽማግሌ ከየት መጣ? የባሕር ሰው ነኝ እያልክ ስትጎርር ደረቅ መሬት ላይ ሰጠምክ እንዴ?"

አባዬ ዓይኑን ገለጠ።

"ግዴለም፣ ሙት! ጓሮህ ያለችውን አሳማ እኔ እወስዳታለሁ። እዚያው ቀብርህ ላይ ነው የምበላት።"

ከሜልበርን ለእርዳታ የመጣችው ዶክተር ሐና ይህን ስትሰማ ክው አለች። ክንዴን ይዛ ጎተተችኝና፣ "በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ይሰደባል? ይህ ሰው ዛሬውኑ ከሥራ ይታገዳል!" አለች።

"ኧረ ዶክተር፣ ታውቩ ናቸው" አልኳት። "ከአንድ ጥንት አባት የወረዱ ናቸው። አንዱ ሌላውን እንዳሻው ይሰድበዋል፣ ንብረቱንም ቢወስድበት አይከለከልም። የተቆጣ ይዋረዳል። መልስ ሳይሰጥ የሞተማ..."

ሳልጨርስ አባዬ ጭንብሉን መንጭቆ አወለቀና፣ "አንተ ውኃ የምትፈራ ድመት!" ብሎ ጮኸ። ወዲያው ሳሉ አፈነው። ኦክስጅኑ ሲያሽቆለቁል ሐናና እኔ ተሯሯጥን። ፔናያ ራሱ አመድ መሰለ። ጭንብሉ ተመልሶ አባዬ ትንሽ ሲረጋጋ ግን ፔናያ የጓንት ካርቶን ቀደደና ከእስክሪብቶ ጋር አስጨበጠው።

"ሕግ አውጥቻለሁ፤ ጭንብሉን ያወለቀ ተሸነፈ። መልስህን ጻፍ። የሚጻፈውም በሆድ ተኝቶ ብቻ ነው።"

እማዬ፣ የአባዬን እልክ ከአንቺ በላይ ማን ያውቀዋል? ተገለበጠ! ለምነን፣ አልቅሰን ያላስተኛነው ሰው፣ ለስድብ ብሎ ቀኑን ሙሉ በሆዱ ተኝቶ ዋለ። ፔናያ ተራው ሲደርስ ካርቶኑን ጮክ ብሎ ለክፍሉ ሁሉ ያነባል፤ ሳል የጠናበት በሽተኛ ሳይቀር ይስቃል። ያቺ ልታሳግደው የነበረችው ሐና ራሷ ጠዋት ጠዋት፣ "ዛሬስ ምን ጻፈ?" እያለች መምጣት ጀመረች። በዚያ ሰሞን ስንቱን ሸኝተን መሰለሽ፤ የነርሶች ማረፊያ ውስጥ ተደብቀን ያለቀስነውን እኛ እናውቃለን። የአባዬ አልጋ አጠገብ ስንደርስ ግን እንስቅ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጭንብሉ ወለቀለት። ዓርብ ዕለት በተሽከርካሪ ወንበር ሲወጣ ሠራተኛው ሁሉ በር ላይ ቆሞ እያጨበጨበ ዘመረለት። ፔናያ ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ አየሁትና፣ "ምን ሆንክ?" ስለው፣ "ላብ ነው" አለኝ።

አባዬ ሰምቶ፣ "ተራራ ላይ ላብ የሚወጣው በዓይን ነው እንዴ?" አለው።

ካርቶኖቹን አስሬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ሠላሳ አንድ ናቸው፤ ለመንደሩ አንብቢላቸው፣ ለቄሱ ግን አታሳዪ። አንዷን ብቻ አስቀርቻለሁ። በሰባተኛው ቀን ለፔናያ ሳይሆን ለእኔ የሰጠኝ ናት። "ከገበያ ነው የያዘኝ" ይላል። እማዬ፣ ከዚህ ቤት ይወጣና ይገባ የነበረ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም ከሆስፒታል። ካርቶኗን የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ይዣት እዞራለሁ። በሽታው ከየት እንደያዘው ስትጠይቂው ከገበያ ነው ይልሻል። እባክሽ እሺ በይው።

ማዕበሉን የሚያበርድ ጌታ መንገዱን ከፍቶ ለዓይንሽ ያብቃን። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ ኡላሚላ

ሎሴና፣ አሳማዋን ደብቂያት፤ ያ የተራራ ድመት መንገድ ሲከፈት እመጣለሁ ብሏል። ይቺ ልጅሽ ደግሞ ይኸው አሁንም አጠገቤ ሆና ታለቅሳለች። ገበያ ሄጃለሁ አልኩ፣ ሄጃለሁ።
አፒሳይ