የወርቅነሽን የደም ውጤት ሳይነበብ ለጣላችሁት

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 19 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ የደም መመርመሪያ ማሽናችን አቅራቢ ድርጅት የቴክኒክ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደምዎ የተለካው በራስዎ ድርጅት ማሽን ካልሆነ በስተቀር ውጤቱ ትክክል እንደሚሆን አምናለሁ። ሶስና ዓለሙ እባላለሁ፤ እዚህ ከተማ በአንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነኝ። ለሁለት ደብዳቤዎቼ በዝምታ፣ ለሦስተኛው በቁጣ ስለመለሱልኝ፣ አራተኛውን ሌላ ሰውም እንዲያነብልዎ በግልጽ ጽፌዋለሁ።

አስቀድሜ ወርቅነሽን ላስተዋውቅዎ። የቀወት ገበሬ ናት። መስከረም 23 ቀን፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ ራሷን እያዞራት ወደ እኛ መጣች። የላቦራቶሪ ባለሙያችን ጌጤ ደሟን ቀድታ መረመረች፤ ቀጥሎም ከጀውሃ የመጣችውን ባለሱቅ ሐጂራን መረመረች። በወርቅነሽ ወረቀት ላይ የደም መጠኗ 13.4 ተብሎ ታተመ። ሐኪሙ ይህንኑ አይቶ «ደም ማነስ የለብሽም፣ ዕረፍት አድርጊ» ብሎ ሸኛት። በአራተኛው ቀን ማሽላ ማሳዋ ዳር ወድቃ ተገኘች። ሆስፒታል ደርሳ ደሟ ሲለካ 5.8 ነበር። እሷ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም።

ቅሬታዎቼን፣ የሥራ ጊዜዎን ላለመሻማት፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሁለቱን ሴቶች ወረቀት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ቁጥሮቹ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አንድ ስለነበሩ፣ በሲዲ የላካችሁልንን የድራይቨር ኮድ፣ ማለትም ማሽኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ከፍቼ አነበብኩት። የማሽኑ ገመድ ለአፍታ ሲላላ ድራይቨራችሁ ማሽኑ የተነቀለ ይመስለውና፣ የወርቅነሽ ውጤት በኮምፒውተሩ ውስጥ ለጊዜው የተቀመጠበትን የሜሞሪ ቦታ ወዲያው ለሌላ ይለቃል፤ የሚያትመው ፕሮግራም ግን ውጤቱን ገና አላነበበም። ገመዱ ሲመለስ ያው ቦታ ለሐጂራ ውጤት ይሰጣል። አታሚው የቀድሞውን አድራሻ ይዞ ይሄድና ያገኘውን በወርቅነሽ ስም ያትማል። አንድን ነገር ከመጣል በፊት «የሚጠቀምበት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የዚህ ሙያ ፊደል ነው። ፊደሉን ሳይቆጥሩ ለዚህ ወንበር ስለበቁ አደንቅዎታለሁ።

ሁለተኛ፣ ኮዱን ራሴ አረምኩት። ድራይቨሩ ውጤቱን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞችን ሁሉ እንዲቆጥርና የመጨረሻው ሳይለቅ እንዳይጥለው፣ አሥራ አንድ መስመር ጨመርኩ። ከእርማቱ በፊት ገመዱን ሃያ ጊዜ ስነቅል ሦስት ውጤት ተደባልቆ ነበር፤ ከእርማቱ በኋላ ሁለት መቶ ጊዜ ነቅዬ አንድም አልተደባለቀም። ይህን ስልክልዎ «ያልተፈቀደለት ሰው ስለነካው የማሽኑ ዋስትና ተሰርዟል፤ ጥፋቱም የተጠቃሚ ነው» ብለው ጻፉልኝ። ለፍጥነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ልጁ ሲሞት እንዲህ አልፈጠኑም ነበር።

ሦስተኛ፣ ያንን «የተጠቃሚ ጥፋት» የሚለውን ቃል ያነበበችው ጌጤ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ገመዱን የነካሁት እኔ እሆን?» እያለች የታማሚ ክንድ ላይ መርፌ ለማሳረፍ ትፈራለች። አሥራ አራት ዓመት የሠራች ሴት ናት።

ባለፈው ሳምንት ከጌጤ ጋር ሆነን እውነቱን ልንነግራት ወርቅነሽ ቤት ሄድን። ጌጤ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ወርቅነሽ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት፤ «አንቺማ ደሜን በትክክል ቀድተሻል» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ታዲያ የእኔን የት ጣሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። የቴክኒክ ኃላፊው እርስዎ ስለሆኑ፣ ቀወት ድረስ ወርደው ቢመልሱላት ባለቤቷ መንገዱን ሊያሳይዎ ፈቃደኛ ነው።

በሥልጣንዎ ልክ አክብሮቴን፣ በሥራዎ ልክ ደግሞ ዝምታዬን ላበረክትልዎ ፈልጌ፣ ሁለተኛው ያልሆነልኝ፣

ሶስና ዓለሙ

ተጨማሪ፦ እርማቱን በሲዲ ገልብጬ፣ ይህን ማሽን ለገዙ ሠላሳ አንድ ክሊኒኮች ሁሉ በአውቶቡስ ልኬላቸዋለሁ። አድራሻቸውን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ድርጅትዎ በግድግዳ ካላንደሩ ላይ «የምንኮራባቸው ደንበኞቻችን» ብሎ ዘርዝሮልኛል። እስከ ትናንት ዘጠኙ ደውለው፣ የእነሱም ወረቀቶች እንደተደባለቁ ነግረውኛል። ስልክ ቁጥርዎን ሰጥቻቸዋለሁ።