የካባ ሰፈር ደም

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ ልልሽ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ባለፈው ሳምንት በዓይኔ አይቼሽ ስለመጣሁ እንዴት እንደሰነበትሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሬን ሳላስረዝም ልንገርሽ። የደም ናሙናዎቻችን የተቀመጡበት ፍሪዘር ተወስዷል፣ ናሙናዎቹም የሉም። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ቢሮዬ የመጣሽ ዕለት ትዝ ይለኛል። ከድንጋይ ካባው ሰፈር ሳይንስ ሊማር የመጣ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ ከቤተሰባቸው አንድም ሰው የላቦራቶሪ በር ረግጦ የማያውቅ ልጆችን በአንድ ትንሽ ፕሮግራም ሰብስቤ፣ አጠገቤ አስቀምጬ ምርምር አስተምር ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ «የዶክተሯ ማደጎዎች» ይሏችሁ፣ እናንተም ሰምታችሁ ትስቁ ነበር። ምን ማጥናት እንደምትፈልጊ ስጠይቅሽ፣ አባትሽ ሲተኛ ደረቱ እንደሚያፏጭ ነገርሽኝ። የድንጋዩ አቧራ ሳንባን ከመጨረሱ በፊት ከደም ላይ ይታወቅ እንደሆነ ጠየቅሽኝ። በደንብ የሚያውቅ የለም አልኩሽ።

«እንወቀዋ እንግዲህ» አልሽ።

የካባው ሠራተኞች ከጤና ጣቢያ የሚመጣን ሁሉ ሲያባርሩ የኖሩ ናቸው። ለአንቺ ግን እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አባትሽ ከሁሉ ቀድመው ተቀመጡና፣ «ለፍቼ ያስተማርኳት ልጅ ደሜን ልትመጥ መጣች» አሉ። ሰዎቹ ሁሉ ሳቁ፤ ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነባቸውና ተራ በተራ እስኪበርድላቸው ጠበቅን።

ውጤቱ የወጣ ቀን ወረቀቱን ይዘሽ መጥተሽ «እስኪ እርስዎ ይዩት፣ ተሳስቼ ይሆናል» አልሽኝ። አልተሳሳትሽም። ሳሉ ገና ያልጀመራቸው ሰዎች ደም ውስጥ ሳይቀር ምልክቱ ይታያል። እኔ ግን «ገና ነው፣ ሌላ ብዙ ሰው መመርመር አለብን» ብዬ ብቻ ሸኘሁሽ። አንቺ ስትወጪ በሩን ዘግቼ ለብቻዬ አለቀስኩ። መምህር በመሆኔ እንደዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ነግሬሽ አላውቅም፣ አሁን እወቂው።

ከዚያ አባትሽ ሞቱ። ታናናሾችሽ ገና ልጆች ናቸው፣ እናትሽም አቅም የላቸውም። የካባው ኃላፊ የአባትሽን ቦታ ለአንቺ ልስጥ አለ። ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው ብለሽ ፈቃድ ጠየቅሽኝ፤ እኔም አመንኩሽ፣ አንቺም ራስሽን ያመንሽ ይመስለኛል። ትንሽ ድጎማ እንኳ ቢገኝልሽ ብዬ ዲኑ ዘንድ ስሄድ፣ ፕሮግራሙ ጭራሹን መዘጋቱን ነገሩኝ። በደንብ አስተናግደው ነው የነገሩኝ፣ ወንበርም ስበውልኛል። «ዶክተር፣ ልብዎ ጥሩ ነው። ግን ዩኒቨርሲቲው በጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም» አሉኝ። ሌሎቹም ልጆች አንድ በአንድ ተበተኑ።

ባለፈው ሳምንት ስመጣ እናትሽ በር ላይ ተቀበሉኝ። ወደ ውስጥ ከማስገባታቸው በፊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ፣ አይቀየሙኝ። እርስዎን ያየች ዕለት እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ብዙ አይቆዩብኝ» አሉኝ። አልተቀየምኩም። አንቺ ከድንጋይ መፍጫው ስትመጪ ቅንድብሽ ነጭ ሆኖ አሮጊት መስለሽ ነበር። የጉልበቴን ሕመም ጠየቅሽኝ። እኔ ደግሞ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ እንደምጽፍልሽ፣ የማታ ትምህርት እንደምፈልግልሽ፣ ምን ያላልኩት አለ! ተናግሬ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማሽኝ።

«ዶክተር፣» አልሽኝ በኋላ፣ «ተመራማሪዋ ሄዳለች። እዚህ የቀረችው ናሙናዋ ናት።»

ፈገግ ብለሽ ነው ያልሽው።

ስመለስ ፍሪዘሩን ለሌላ ክፍል እንዳስረክብ ትእዛዝ ደርሶ ጠበቀኝ። የማውቃቸውን ላቦራቶሪዎች ሁሉ ለመንኩ። አንዱ ሞልቶብናል አለኝ፣ ሌላው የማን ደም ነው ብሎ ጠየቀኝ። ስነግረው ስልኩን ዘጋ። የጽዳት ሠራተኛ እንዲጥላቸው አልፈለግሁም፤ ብልቃጦቹን ራሴ ተሸክሜ ወደ ማቃጠያው ወሰድኳቸው። የአባትሽም ደም እዚያው ውስጥ ነበር። እሳቱ እስኪጠፋ ቆሜ ጠበቅሁ። ለቀብራቸው አልደረስኩም ነበርና፣ ያኔ የደረስኩ መሰለኝ።

ትናንት ደግሞ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ በሬን አንኳኳች። ቤታቸው ከቆዳ ፋብሪካው በታች ወንዙ ዳር ነው፤ የውሃውን ነገር ማጥናት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እንደኛ ያሉትን የሚያስጠጉ መምህርት አሉ ተብላ ነው የመጣችው። ፕሮግራሙ ተዘግቷል አልኳት።

«የላቦራቶሪ ዕቃ እንኳ ላጥብልዎት?» አለችኝ።

«የሚታጠብ ዕቃ የለም፣ ልጄ።»

አመስግናኝ በሩን ድምፅ ሳይሰማ ገጥማው ሄደች። ደረጃውን ስትወርድ ኮቴዋን እሰማለሁ፤ ልጥራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። ጠርቼስ ምን እላታለሁ?

አንቺን ተመለሺ አልልሽም። አይዞሽ ማለቱም አሳፍሮኛል። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፦ አፍና አፍንጫሽን የምታስሪበትን ጨርቅ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ ሲደርቅም ደግመሽ ንከሪው። ደረቅ ጨርቅ ያን አቧራ አያግደውም። እርጥቡም ቢሆን ሁሉንም አያግድም፤ ግን ከመምህርነቴ የቀረኝ ምክር ይኸው ነው።

መምህርሽ