ሁለተኛ አንባቢ

ይድረስ ለእትዬ፤

እንዴት ከርመሻል? ባልሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛም እንደ ምንም አለን።

ዘንድሮም ስፔሻሊስት ለመሆን ከሚማሩት አሥራ አራት ሬዚደንቶች የኑክሌር ሕክምናን የመረጠ አንድም የለም። ሁሉም ቀዶ ሕክምናና ራዲዮሎጂ በር ላይ ይጋፋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስረዳኋቸው። አንዷ «ጨረር ነው፤ እኔ ደግሞ መውለድ እፈልጋለሁ» አለችኝ፣ የሦስት ልጆች አባት ፊቷ ቆሜ። አንዱ ደግሞ «ዶክተር፣ ያለው ማሽን አንድ፣ እሱም እርስዎ ጋ። ጡረታ እስኪወጡ በር ላይ ልጠብቅዎት?» አለ።

የክፍላችንን ደንብ ነግሬሽ አውቃለሁ፤ ማንኛውንም ምስል ሁለት ሐኪም ያነበዋል፣ የዘመዱን ምስል ግን ማንም አያነብም። ባልደረባዬ አምና ጡረታ ሲወጣ ደንቡም አብሮት ወጣ።

እማዬ ወገቤን ብላ ስላስቸገረችኝ ማክሰኞ የአጥንት ስካን አነሳኋት። ማሽኑ ላይ ተጋድማ ቴክኒሻኑን «ልጄ ሥራውን ይችላል?» ትለዋለች። ውጤቱን ስትጠይቀኝ «ማሽኑ አርጅቷል፣ ደግመን እናየዋለን» አልኳት።

ማሽኑስ ደህና ነው። ምስሉን አራት ጊዜ አነበብኩት። ከአሥራ አራት ሰው መሀል አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ተሳስተሃል» የሚለኝ አንድ አጣሁ።

የዓመት ፈቃዴን ለክረምት አስቀምጫለሁ ብለሽኝ ነበር። በዚህ ወር አድርጊው። ልጆቹንም ይዘሻቸው ነይ።

በደህና ያገናኘን፤ ቶሎም ያድርገው።

ታናሽ ወንድምሽ