አንድ ትከሻ ለሁለት ሜዳ

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14። ጠዋት የገባ፦ የከብት መኖ አርባ ከረጢት፤ ሁለቱ የተቀደዱ፣ ተመላሽ። የወጣ፦ አሞሌ ጨው ስድስት፣ የማጨጃ ቺንጋ አንድ። ማሽላው ገና ከማሳ ስላልተነሳ ሌላ ቺንጋ ይፈለጋል። ከሱቁ መስኮት የወረደ፦ የሳንድ ፎርክ ኮሌጅ መረብ ኳስ ቡድን ፖስተር፣ አንድ። በቦታው የተለጠፈ፦ የሚከተለው ደብዳቤ። ግልባጩ ለባለ ጉዳዩ ዛሬውኑ በፋክስ ተልኳል።

ለተከበሩ ዶክተር ሌላንድ ፔልሃም፣
የሳንድ ፎርክ ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ዲሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ ደጃፍ የቆመው የነሐስ ጎሽም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኛም በደርቢን ደህና ነን፤ ነፋሱ ብቻ ትንሽ በርትቷል።

እኔ ዋርድ ሃውስማን እባላለሁ፤ መኖና የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ልጄን ጆሊንን የፊታችን ሰኞ ማታ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ ከተማው ሁሉ ተሰብስቦ እያየ፣ የኮሌጅዎን ኮፍያ አጥልቃ ለመረብ ኳስ ቡድንዎ እንድትፈርም እየጠበቃችኋት ነው። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ምናልባት ካልሰሙ፣ ይህች ልጅ በመኸር ኳስ ትመታለች፣ በኤፕሪልና በሜይ ደግሞ ጦር ትወረውራለች፤ ኮሌጅ ገብታም ሁለቱን ማድረግ ትፈልጋለች። ይቻል እንደሆነ ደንቡን አንብቤያለሁ፤ አይከለክልም። ነገሩ በሙሉ ለአሰልጣኞች በጎ ፈቃድ የተተወ ነው። ጥርጣሬዬም የሚጀምረው ልክ ከዚህ ላይ ስለሆነ፣ ቅሬታዬን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

1. የመረብ ኳስ አሰልጣኝዎ አቶ ትሬንት ቡካነን ማሽላው መቅላት ሲጀምር ቤታችን ድረስ መጥተው ስላከበሩን፣ ባለቤቴ ካርላ የጋገረችውንም የፖም ፓይ ሁለት ጊዜ ስላስደገሙ እናመሰግናለን። ጆሊን «ጦር ውርወራውንስ…» ብላ ሳትጨርስ «እሺ! ሁለቱንም ነው እንጂ፣ የኔ ጀግና!» ብለው ጥያቄውን ከአፏ ስለተቀበሏት ደግሞ የበለጠ እናመሰግናለን፤ ጊዜ ቆጥበውልናል። በእኔ ንግድ ግን አሮጌ ትራክተር የሚገዛ ሰው፣ ሊያርስበት ከሆነ፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ጭሱን ያያል፣ ከሥሩ ገብቶ ይተኛል፣ ወጥቶም «ይሄማ ዘይት ያንጠባጥባል» ብሎ ያጣጥለዋል። ሞተሩን ሳያስነሳ በሁሉም የሚስማማ ገዢ ሲመጣብኝ ሊያርስበት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚፈልጋት አንዲት ዕቃ አለች፤ ፈትቶ እሷን ያወጣና ሌላውን ለዝገት ይተወዋል። አቶ ቡካነን የልጄን የቀኝ ትከሻ ሲያደንቁ ካርላ ፓይ እየቆረሰች ነበር፤ እኔ ግን ዓይናቸውን እያየሁ ነበር።

2. በኦክቶበር ኮሌጅዎን እንድንጎበኝ ስለጋበዙን እናመሰግናለን። ጆሊን ጦሯን ከፒካፑ ጣሪያ ላይ አስራ መጣች። የመረብ ኳስ ማልያ አልብሳችሁ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሳችኋት። የጦር መወርወሪያውን ሜዳ እንይ ስንል ሳሩ ገና ውኃ ስለጠጣ መርገጥ እንደማይቻል ተነገረን። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲያወርደው በዋለበት ዕለት ሳር የሚያጠጣ ኮሌጅ ለሳር ያለው ፍቅር ልብ የሚነካ ነው። ጦሩ ቋጠሮው ሳይፈታ እንደታሰረ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ልጅቱም እልህ ይዟት እስካሁን አልፈታችውም።

3. በኤፕሪል ወር የመረብ ኳስ ልምምድና የጦር ውድድር አንድ ላይ ስለሚውሉ፣ የትኛው ቀን የየትኛው አሰልጣኝ እንደሆነ በሁለት መስመር ጠይቄዎት ነበር። በሰጡኝ መልስ ኮሌጅዎ «ለተማሪዋ ሁለንተናዊ ዕድገት» እንደሚጨነቅ ተረዳሁ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ቀን ግን የለውም።

ከዚህ በኋላ፣ ክቡርነትዎን ደግሞ ማስቸገሩ ነውር ስለመሰለኝ፣ ለጦር ውርወራ አሰልጣኝዎ ለወይዘሮ ኢርማ ፍሪዝ ስልክ ደወልኩ። «ጆሊን ደግሞ ማን ናት?» አሉኝ። ግቢያችሁ ውስጥ መዋሏን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ነገሩን ሳስረዳቸው አላመሰገኑኝም፤ ተከራከሩኝ። «ማክሰኞና ሐሙስ የኔ ናቸው፤ ሌላውን እሱ ይውሰድ። ኳስ ስትመታ በዋለች ማግስት ጦር አታነሳም። አልወደድኩትም፣ ግን እችለዋለሁ። እሱ በዚህ ካልፈረመ ልጅዎን አያምጧት፤ በፌብሩዋሪ ‹ምረጪ› ይላታል፣ ያኔ ፈርማ ገብታለችና መምረጥ አይባልም» አሉኝ። ከኮሌጅዎ ሰዎች መካከል ከሥር ገብተው ዘይቱን ያዩት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ደመወዝ እንዲጨምሩላቸው በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ።

ይህን ለጆሊን በራት ላይ ስነግራት ተቆጣች። የምታምነው አቶ ቡካነንን ነበር።

«አባዬ፣ ሰውየው እሺ ብሎኛል እኮ።»

«እኔንም ያሳሰበኝ እሱ ነው።»

«አንተ እኮ እሺ ያለህን ሁሉ ሌባ ታደርጋለህ።»

«እምቢ ያለኝ ሌባ አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ነው።»

ካርላ «ሁለታችሁም ብሉ» አለች። ጆሊን ግን ሹካዋን አስቀምጣ እኛም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ለአቶ ቡካነን ደወለች። ስለ ቀን አልጠየቀቻቸውም። «አሰልጣኝ፣ ባለፈው ሜይ በክፍለ ግዛቱ ውድድር ጦሩን ስንት ጫማ ወረወርኩ?» አለቻቸው።

«ሩቅ ነዋ!» አሉ። «በጣም ሩቅ፣ የኔ ጀግና!»

አመስግና ዘጋችው።

ክቡር ሆይ፣ መቶ አርባ ስምንት ጫማ ነው። በደርቢን ቁርስ ቤት አሳላፊዋ ታውቀዋለች፤ ፓስተራችን ያውቁታል፤ ከመንገዱ ማዶ መኖ የሚሸጠው፣ ሰላምታ እንኳ የማንለዋወጥ ተፎካካሪዬ ያውቀዋል። የእህል ጎተራው ሰሌዳ ላይ ከማሽላው ዋጋ በታች ተጽፎ በጋውን ሁሉ ከርሟል። አንድ ሰው ለሁለት ስፖርት እሺ ሲል ከሁለቱ የአንዱን ቁጥር አለማወቁ ትንሽ ነገር ሊመስልዎ ይችላል። ልጄ ግን የላካችሁላትን ኮፍያ ከማቀዝቀዣው አናት ላይ አንስታ ወደ መጣበት ከረጢት መለሰችው፤ ከዚያም «ይምጡና ይዩኝ፤ ጻፍላቸው» አለችኝ። ስለዚህ የጻፍኩት እኔ ብሆንም ያዘዘችኝ እሷ ናት።

ጥያቄዋም ይህ ነው። ነገ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ሦስት ጊዜ ትወረውራለች። ሁለቱን አሰልጣኞች ይዘው ይምጡ። አይተው ከወደዱት፣ የኤፕሪልን ቀናት በፒካፑ የኋላ መዝጊያ ላይ ዘርግተን ተከፋፍለን ሦስታችሁም ትፈርሙበታላችሁ። ሰኞ ማታ ኮፍያውን ታጠልቃለች፤ ፖስተሩንም በገዛ እጄ መልሼ እሰቅላለሁ። ካልመጣችሁ ሰኞ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። የእናንተን ያህል የትምህርት ወጪ ድጋፍ የሰጣት ሌላ ኮሌጅ እንደሌለ እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ፤ የሚያሳዝነኝ እሷም ታውቃለች። ጻፍ ያለችኝ ግን ይህን እያወቀች ነው። ይህን ያህል የሚያስከፍላትን ነገር የጠየቀች ልጅ «የኔ ጀግና» በሚል መልስ ልትሸኝ የሚገባት አይመስለኝም።

ለሳር ያለዎት አሳቢነት ለሰውም እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በጥልቅ አክብሮትና ከዚያ ባልተናነሰ ጥርጣሬ እሰናበታለሁ።

ዋርድ ሃውስማን
መኖና መለዋወጫ፣ ደርቢን፣ ካንሳስ

ማስታወሻ፦ ነገ ዝናብ ሊኖር ይችላል ተብሏል። እኛ በዝናብ ቀን ሳር ስለማናጠጣ ሜዳው ክፍት ነው።

ነገ፦ ጠዋት ቺንጋ ለማዘዝ መደወል። ረጅሙን ሜትር ከመጋዘን ማውጣት። ከምሳ በፊት የጦሩን ገመድ መፍታት።