ላይኛው ትምህርት ቤት አጠገብ አንዲት ክፍል

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 26 ቀን 1973

ዛሬ ዘበኛ ያዘኝ። ለሰው አልናገረውም፤ ለዚህ ደብተር ግን ልናዘዝ። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ የመንግሥት ታይፒስት፣ የልጅ እናት፣ ድንጋይ ላይ ቆሜ በላይኛው ትምህርት ቤት መስኮት አንገቴን አስግጌ ዴስክ ስቆጥር ተያዝሁ። የመስኮቱ ብረት ሻሼን ይዞት ስለነበር መሮጥ እንኳ አልቻልሁም።

ዘበኛው አያ ሙሄ ይባላል። ምን ጠፍቶሽ ነው ሲለኝ ዴስክ እየቆጠርሁ ነው አልሁት። ሌላ ምን ልበል? እውነቱ እሱ ነው። ሃያ አራት ዴስክ አለ። ጥቁር ሰሌዳው አልተሰነጠቀም። ጣራው ቆርቆሮ ነው። ታች እኛ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት የልጄ የሰአዳ ክፍል መቶ አሥር ልጅ ነበረው፤ መቀመጫቸው ድንጋይ ነው፣ ጎርፍ ሲመጣ ድንጋዩም ይሄዳል። አስተማሪው ዘመቻ ሄዶ ከጥር ወዲህ ተተኪ አልመጣለትም።

አያ ሙሄ ሳቀብኝ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ጣቱን ከፊደል ፊደል እያሻገረ አነበበልኝ። ማንበብ የተማረው ዓምና በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስድሳ ዓመቱን አልፏል። ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፤ ምዝገባው ሰኞ ጳጉሜን 2 ያበቃል፣ ከላይኛው ቀበሌ የነዋሪነት ደብዳቤ ያላመጣ አይመዘገብም።

እሱ ሲያነብ ልጄ ትዝ አለችኝ። ሰአዳ ሦስተኛ ክፍልን አልፋለች ተብሏል። ባለፈው ሳምንት አባቷ ለሥራ ከሄደበት ከአሰብ መንገድ የላከውን ደብዳቤ ሰጠኋት። ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተክላ «አባባ ደኅና ነኝ ይላል» አለችኝ። ደብዳቤው የሚጀምረው «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ነው።

ስለዚህ ስድስት ቀን አለኝ። ላይኛው ቀበሌ ውስጥ አንዲት ክፍል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 27

ከሥራ ለሁለት ሰዓት ተፈቅዶልኝ ወጣሁ፣ አራት ቆየሁ። ማከራየት ክልክል ቢሆንም በድብቅ የሚያከራዩ አሉ፤ ያየሁት ይኸውና፦

ከወፍጮው ጀርባ ያለች ክፍል። ኪራይዋ ርካሽ ነው። ሴትየዋ ስታናግረኝ ከንፈሯን አያለሁ እንጂ የምትለውን አልሰማም። ዱቄቱ ደግሞ ቅንድቧ ላይ ተቀምጧል።

ከከተማው መጨረሻ፣ ማሽላው የሚጀምርበት ቦታ ያለች ጎጆ። ባለቤቱ «አየሩ ጥሩ ነው» አለኝ። አየሩማ ጥሩ ነው፣ ጎጆው ግድግዳ የለውም።

ሦስተኛዋ ግን ክፍል! ንጹሕ፣ ሲሚንቶ ወለል። ኪራይዋ የደመወዜን ግማሽ ይበላል። ሰውየውን ስለምነው፣ ለጤና ጥበቃ ሰው ሰጥቻታለሁ አለ። ታዲያ ለምን አሳየኸኝ? «ካየሽ ምናለበት?»

የላይኛው ቀበሌ የቤቶች ጉዳይ ክፍል ሄድሁ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ከኔ በፊት ተራ የሚጠብቁትን በእርሳሱ ጫፍ ወደ ታች ወደ ታች ወረደባቸው፣ ገጹን ገለበጠ፣ አሁንም ወረደ። ቤት እስኪደርሰኝ ሰአዳ ልጅ ትድራለች። ደባል ልግባስ ብል፣ ቤት ካለው ሰው ጋር ደባል መግባት ክልክል ነው፤ ቤተሰብ ከሆንሽ ግን ይቻላል አለ። ቤተሰብ ከየት ላምጣ? የኔ ዘመዶች ሁሉ ጎብዬ ናቸው።

እግሬ አብጧል። ሰአዳ በውኃ አጠበችልኝ። ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ታውቃለች።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 28

ክፍል እንደምፈልግ የነገርሁት አያ ሙሄ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ወሰደኝ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ እማ ብርቄ የሚባሉ ባልቴት አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል አለ፤ አንዱ ባዶ ነው። ልጆቻቸው ሞተዋል፣ የተረፈው አንዱም አዋሽ ሄዶ እዚያው ቀርቷል።

ክፍሉን አየሁት። መስኮት አለው። የትምህርት ቤቱ ደወል እዚያ ሆኖ ይሰማል። ልቤ ደነገጠ፣ ደስታም እንዲህ ያስደነግጣል ለካ።

እማ ብርቄ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። የማን ልጅ ነሽ፣ አባትሽ ማን ይባላል፣ እናትሽስ ከየት ናት፣ እስከ ቅድመ አያቴ ጠየቁኝ። ከዚያ ነገሩን ቁጭ አደረጉት። ኪራይ ከተቀበሉ ቤት አከራየች ተብሎ ክፍሉ ይወሰድባቸዋል። ስለዚህ ኪራይ አይቀበሉም። «ጡት አጠባሻለሁ፤ ልጄ ሁኚና ግቢ» አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ።

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። የጡት ልጅነትን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። አባቴ ዞብል ተራራ ሥር የጡት አባት ነበረው፣ ሰውየው ሲሞት አባቴ እንደ ወላጁ ተቀምጦ አልቅሶለታል። ግን ቀበሌን ማታለያ መሰለኝ። ብልህ ባልቴት ናቸው ብዬ አደነቅኋቸው እንጂ ቃላቸውን ቃል ብዬ አልሰማሁትም። ስወጣም፣ በነፃማ አይሆንም ብዬ የሁለት ወር ኪራይ የሚሆን ብር ከመቀመጫዬ አጎዛ ሥር ትቼ ወጣሁ። እኔ ደግሞ ጨዋ መሆኔ ነው!

እየዘፈንሁ ነው ቤቴ የገባሁት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 29

ሦስት ሰዓት ላይ አያ ሙሄ ቢሮ ገባ። አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ የማሽላ ዘር ሪፖርት እያነበበልኝ እየመታሁ ነበር። አያ ሙሄ በጨርቅ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ታይፑ ላይ አስቀመጠ። ብሬ ነው።

«እማ ብርቄ፣ ‘ልጄ ሁኚ ስላት እንግዳ ነኝ አለችኝ’ ብለዋል» አለኝ። ይህን ብሎ ወጣ።

አለቃዬ አየኝ። እኔ ሪፖርቱን አየሁ። «ማሽላ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ተሳሳትሁ።

ተናደድሁ። በማን እንደምናደድ ግን አጣሁ። በእማ ብርቄ? እሳቸው ያላቸውን ሰጡ። በቀበሌው? በመንግሥት? ይህን አልጽፍም። በሰአዳ አባት? እሱ አሰብ መንገድ ላይ ወገቡን ታቅፎ ነው። ዞሮ ዞሮ ራሴ ላይ ወደቀ። ሰው ቤቱን ሲከፍትልኝ ዋጋ ቆርጬ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ።

ምሳ ሰዓት ወደ እማ ብርቄ ሄድሁ። በሩ ተዘግቷል። ውስጥ እንዳሉ ሳላቸው ይሰማል። አንኳኳሁ። ሳሉ ቆመ፣ በሩ ግን አልተከፈተም።

ሌላ ቤት ፍለጋ ዞርሁ። ሦስት ቤት። አንዱ የግመል ማደሪያ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ግመሉ ውስጥ ነበር። ሌሎቹን ለመጻፍ አቅም የለኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 30

ጧት ሰአዳን ጎረቤት ትቼ አያ ሙሄን ለመንሁት። ሳቅህን ተወኝና ምከረኝ አልሁ። አልሳቀም። ሁለት ሽማግሌ ጠራ፣ ለኔም አንድ ድንጋይ አነሣልኝ። ትልቅ አይደለም፣ ግን ድንጋይ ነው። አንገቴ ላይ አድርጌ በመንገዱ አለፍሁ። የማውቃት ዳቦ ሻጭ «ዘሃራ፣ ማንን ገደልሽ?» አለች። መንገዴን ቀጠልሁ፤ ግማሽ ቆቦ ከተማ አይቶኛል።

እማ ብርቄ በር ላይ ቆምን። ሽማግሌዎቹ ከውጭ ሆነው ስለ ሚካኤልም ስለ ነቢም አሉ፤ አንዱ በአንዱ፣ አንዱ በሌላው። ረጅም ጊዜ ለመኑ። ፀሐዩ ጠጠር ያበስላል። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና «ድንጋዩን አውርጂ፣ አንገትሽ ይቀጫል» አሉኝ።

ከዚያ ማር መጣ፣ በጣሳ። እማ ብርቄ አውራ ጣታቸውን ነከሩ። እንግዲህ እኔ፣ በደቂቃ አርባ ቃል የምመታ ሴት፣ በሽማግሌ ፊት ተንበርክኬ የባልቴት ጣት ጠባሁ። ላፍር ነው ብዬ ነበር። አላፈርሁም። ጣታቸው ጭስና ሽንኩርት ይሸታል፤ እንባዬ መጣ፣ ለምን እንደመጣ አልገባኝም።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። እማ ብርቄ ግን ከምርቃቱ በኋላ አገጬን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጅነት ኪራይ የለውም። ስታመም ታስታምሚኛለሽ። ስሞት ደረትሽን ትመቺልኛለሽ። ይኸን ካልቻልሽ አሁን ተናገሪ፤ ማሩን ውኃ ጠጪበትና ሂጂ።»

እችላለሁ አልሁ። ቤት ልፈልግ ወጥቼ እናት ይዤ ተመለስሁ። ጎብዬ ያለችው እናቴ ስትሰማ ምን ትላለች? እሱን ሌላ ቀን አስባለሁ።

እሑድ፣ ጳጉሜን 1

ቀበሌ ስብሰባ ስለነበር ሊቀመንበሩን አገኘነው። እማ ብርቄ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሊቀመንበሩ ቅጹን አወጣ። «ዝምድና» በሚለው ፊት ምን ልጻፍ አለ። እማ ብርቄ ልጄ ናት አሉ። ጓድ ሊቀመንበር ስሜን አየ፣ ስማቸውን አየ። «ወልደሻት ነው?» አላቸው። «በጡት» አሉ።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቅጹ የጡት የሚል ቦታ የለውም አለ። አብዮቱ እንዲህ ያለውን ልማድ እያሸነፈው እንደሆነም ጥቂት ተናገረ። እማ ብርቄ ጨርሶ እስኪናገር ጠበቁት። ከዚያ ቀስ ብለው የራሱ አያት የማን የጡት ልጅ እንደነበር ጠየቁት። ሰውየው የራያ ልጅ ነው፣ የጡት ልጅነትን ያውቃል፤ እስክሪብቶውን አነሣና «ልጅ» ብሎ ጻፈ።

እልል ልል ስል፣ «መሸኛሽስ የት አለ?» አለኝ። ከታችኛው ቀበሌ መልቀቂያ ካላመጣሁ ደብዳቤው ማኅተም አያርፍበትም። ነገ ሰኞ ነው። ምዝገባው ነገ ያበቃል። ኧረ እኔስ በዚህ በወረቀት ልሞት ነው!

ሰኞ፣ ጳጉሜን 2

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ታችኛው ቀበሌ በር ላይ ነበርሁ። ጸሐፊው ሁለት ሰዓት ተኩል መጣ። መዝገቡን አየና ከሦስት የሴቶች ማኅበር ስብሰባ እንደቀረሁ ነገረኝ። አልተከራከርሁም። ጠረጴዛው ላይ የተከመረ ቃለ ጉባኤ አየሁ፣ አጠገቡ አቧራ የለበሰ ታይፕ። ታይፒስታቸው ወልዳ ተኝታለች። መሸኛዬን ከሰጠኸኝ እኔ ልምታው አልሁ። ዓይኑ በራ።

ዘጠኝ ገጽ። የታይፑ ሪባን ደርቋል፣ አንዱ ቁልፍ ሲመታ ተጣብቆ ይቀራል፣ በጥፍሬ እያነሣሁ መታሁት። ስለ ኅብረት ሱቅ ስኳር አምስት ገጽ ሙሉ ተከራክረዋል፣ ስኳሩ ግን አልመጣም። ስምንት ሰዓት ላይ መሸኛዬን ይዤ በረርሁ። ላይኛው ቀበሌ ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል፤ ለቅሶ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ለማላውቀው ሟች አልቅሼ፣ ማኅተሙን ከያዡ ኪስ አስወጣሁት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ከሰአዳ ጋር ዳይሬክተሩ ፊት ቆምን። ደብዳቤውን አነበበ፣ ሁሉም ትክክል ነው አለ። ከዚያ የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ገልጦ ለሰአዳ ሰጣት። ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጡትን ሁሉ ያስነብባል።

ይህን አላሰብሁም። ስድስት ቀን ሙሉ ስለ ቤት ሳስብ ይህን አላሰብሁም።

ሰአዳ መጽሐፉን ያዘች። እኔን አየች። እንደ አባቷ ደብዳቤ ከሆዷ አውጥታ ልታነብ ነው ብዬ ጨነቀኝ። አላደረገችውም። መጽሐፉን ዘጋችና «ጋሼ፣ አልችልም» አለች።

ዳይሬክተሩ አትገባም ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለም። ሁለተኛ ክፍል ትገባለች፤ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካላነበበች ወደ አንደኛ ትወርዳለች፤ አንደኛ ደግሞ ከሞላ ቦታ ላይኖር ይችላል። ስሟን በቀይ እስክሪብቶ ጻፈው። ቀዩ ምን ማለት እንደሆነ አልነገረኝም፣ ለመጠየቅም ድፍረት አጣሁ።

ሁለት ክፍል ወደ ኋላ። ይህ ሁሉ ድንጋይ፣ ማርና ቃለ ጉባኤ ልጄን ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ለመመለስ! መንገድ ላይ ይህን እያብሰለሰልሁ ስሄድ ሰአዳ እጄን ያዘች። ከሳምንት ወዲህ እንዲህ ቀለል ብሏት አላየኋትም። «እማ፣ አሁን የማልችለውን ስላወቁ ያስተምሩኛል አይደል?» አለችኝ።

ያስተምሩሻል አልኋት። ኢንሻ አላህ አላልሁም፣ ረሳሁት፤ አሁን እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ኢንሻ አላህ።

ዕቃችንን ነገ በአህያ እናጓጉዛለን። እማ ብርቄ አልጋችንን የት እንደምናደርግ ወስነዋል፣ አልጠየቁኝም፤ እናት እንዲህ ነው። ጥቅምት ሲያልቅ ልጄ መጽሐፉን ገልጣ ምን እንዳለች፣ ወይም ምን እንዳላለች፣ ያው ሳልቀባባ እዚሁ ገጽ ላይ አሰፍረዋለሁ።