ስለ ነጋሳ ጠባይ የጻፍኩት

መልካሳ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ እትዬ የሺዓለም፣

እንደምን ሰንብተዋል? ልጅዎ መሰለችስ ደኅና ናት? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ ሌላውን ከዚህ በታች ያገኙታል።

ባለፈው እሑድ ናዝሬት መጥቼ ከቤትዎ ስወጣ እስከ በሩ ሸኝተውኝ፣ «የነጋሳን ክፍል አጽድቼልሃለሁ። መስኮቱንም መሰለች ቀለም ቀብታዋለች። ከመስከረም ጀምሮ እዚህ እያደርክ ወደ ሥራህ ተመላለስ። ከእንግዲህ ልጄ አንተ ነህ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያፈርኩ መስሎዎት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ጋሪ ተሳፍሬ ወደ መናኸሪያ ስሄድ ባለጋሪው ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ «ወንድም፣ አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

አላመመኝም። እዚያ ክፍል መግባት ስለማልችል ነው። ምክንያቱን ከዚህ በፊት በአፌ ልነግርዎ ሦስት እሑድ ተነሣሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ፊትዎን ሳይ ሌላ ወሬ አነሣሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። ለመሰለች መንገር አለመንገሩን በኋላ እርስዎ ይወስኑ።

ነጋሳና እኔ እርሻ ኮሌጅ ሳለን ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ነው የኖርነው። እኔ የዓለም ጤና ከተማ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ልጅ፣ ካልጠየቁኝ የማልናገር ሰው ነበርኩ። እሱ በገባ በሳምንቱ የዘበኞቹን ልጆች ስም ሳይቀር ያውቅ ነበር። ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሞ ሲያወራ ሰው ረኃቡን ይረሳል። ስብሰባ ላይ ማንም አፉን በማይከፍትበት ሰዓት ተነሥቶ አንድ ነገር ይናገርና ሰብሳቢውን ራሱን ያስቃል። «ነጋሳ ደፋር ነው» የማይል ተማሪ አልነበረም። እኔም ለወራት እንዲያ ብዬ አምኜ ነበር።

እውነቱን ያወቅሁት በመጀመሪያው ዓመት፣ የካቲት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ከግቢው አጥር ውጪ የገበሬ ሚሊሺያዎች ተኩስ መለማመድ ጀመሩ። ነጋሳ ከእኛ ጋር ሣር ላይ ተቀምጦ ይቀልድ ነበር፤ ቀልዱን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። ልጆቹ ሽንት ቤት የሄደ መሰላቸው። ሲቆይብኝ ልፈልገው ተነሣሁና የዘር መጋዘን ውስጥ፣ ከማሽላ ጆንያዎች ኋላ እጥፍጥፍ ብሎ አገኘሁት። ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ይዟል። ሱሪው ረጥቧል። ኮቴን አውልቄ ሰጠሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። የተናገረው ተኩሱ ካቆመ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

«አባዬን ሲወስዱት አልጋ ሥር ነበርኩ» አለኝ። «እናቴ ምንም ያላየሁ ይመስላታል። ሁሉንም አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጥይት ስሰማ እግሬ የኔ አይደለም፤ ወደ ወሰደኝ ነው የምሄደው።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ወሬና ሳቅ?» አልኩት።

«ዝም ስል ፍርሃቱ ይሰማኛላ! ለዚያ ነው የምለፈልፈው። ለማንም እንዳትናገር፣ ኃይሌ።»

ማልኩለት። ለማንም አልተናገርኩም። እትዬ የሺዓለም፣ ጥፋቴ ከዚህ መሐላ አልጀመረም፤ የጀመረው መሐላውን መደበቂያ ካደረግሁበት ቀን ነው።

ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል መምህር ወልደአማኑኤል ስለ ሰው ጠባይ አስተማሩን። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር አሰመሩና፣ «ከሰው ጋር ሲውል የሚበረታ አለ፤ ለብቻው ሲሆን የሚበረታ አለ። ቶሎ የሚቆርጥ አለ፤ ሲያመዛዝን የሚቆይ አለ። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ራሱን ሳያውቅ ሥራ የመረጠ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ በጠበበው ጫማ ይሄዳል» አሉ። ከዚያ ማን እንደሆንን፣ ኮሌጅ ስንጨርስ ምን ለመሥራት፣ ከዐሥር ዓመት በኋላም የት ለመድረስ እንደምናስብ እንድንጽፍ አዘዙን።

ዝምታዬ በሽታ አለመሆኑን የነገረኝ ሰው ያን ቀን ነው ያገኘሁት። ደስ ብሎኝ ዋልኩ። መልካሳ እርሻ ምርምር ጣቢያ ገብቼ ከዘርና ከመዝገብ ጋር መኖር እንደምፈልግ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ነጋሳም የጻፈውን አሳየኝ። «ከላይ ተናጋሪ፣ ከውስጥ ሌላ ሰው ነኝ» ብሎ ይጀምራል። እሱም መልካሳን ነው የፈለገው። ከሥራ ሲወጣ እናቱ ቤት እየገባ፣ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ቶሎ የሚደርስ የቦሎቄ ዘር ሊያወጣ። ከግርጌው «እናቴ የዩኒፎርም ስፌቱን መተው አለባት፤ ዓይኗ ደክሟል» ብሎ ጨምሮበታል።

ያንን ወረቀት መምህሩ አልሰበሰቡትም፤ ለራሳችሁ ያዙት አሉን። የምደባ ኮሚቴው የጠየቀን ሌላ ነበር። ሰኔ ላይ ቅጽ ታደለን፤ እያንዳንዱ ተማሪ አብሮት ስለሚኖረው ልጅ ጠባይና ስለሚስማማው ሥራ እንዲሞላ። የመልካሳ ቦታ አንድ ብቻ መሆኑንም በዚያው ሳምንት ሰማን።

«እንግዲህ አንዳችን ነን» አለ ነጋሳ እየሳቀ። «ለማናችንም ይድረስ፣ ሌላው እሑድ እሑድ እየመጣ እናቴ ዘንድ ምሳ ይበላል።»

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ለብቻዬ ሞላሁት። የጻፍኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ነጋሳ ገመዳ ደፋር፣ ተናጋሪ፣ ሕዝብ የማስተባበር ተሰጥኦ ያለው፣ በአስቸጋሪ ቦታ የማይበገር ነው። ለምርምር ሥራ ትዕግሥት ያንሰዋል። ለሰፈራ ጣቢያ ይስማማል።»

ማንም አንብቦ ሐሰት ነው ሊለኝ አይችልም ነበር። ኮሌጁ ሁሉ የሚያውቀው ነጋሳ ይኸው ነው። ሌላውን ነጋሳ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እየጻፍኩም «ምዬለታለሁ፣ ምስጢሩን መጠበቅ አለብኝ» እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። ምስጢሩን ማውጣት አያስፈልግም ነበር እኮ! «ቤተሰቡ አጠገብ ቢሆን ይሻለዋል» ማለት ይበቃ ነበር። አንድ መስመር ናት። እሷን ያልጻፍኳት መልካሳን ስለፈለግሁት ነው።

ሐምሌ ላይ ምደባው ሲለጠፍ ነጋሳ ከስሙ ትይዩ የሩቅ ሰፈራ ጣቢያ ተጽፎ አየና ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ምላሴ በላኝ» አለና ሳቀ። «አንተ ግን ደርሶሃል፤ እንኳን ደስ ያለህ!» ብሎ አቀፈኝ። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ በእጄ ይሰማኝ ነበር።

ሊሄድ ሲል ቤትዎ የተደረገውን ጸሎት ያስታውሳሉ። ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ስትዘምሩለት እኔም እዚያው ነበርኩ። ሲያበቃ እጄን ይዘው «አንተ እንኳን ቅርብ ሆንክልኝ» አሉኝ። ያኔ ልነግርዎ እችል ነበር። ነጋሳ ገና አልተሳፈረም፤ ሻንጣውም ደጃፉ ላይ ነበር።

ለእርስዎ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ሳቅ የሞላባቸው ነበሩ፤ አንብበውልኛል። መስከረም ላይ ለእኔ የጻፈውን ግን አላሳየሁዎትም። ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ኃይሌ፣ እዚህ ሚሊሺያዎቹ ለጦጣውም ለከርከሮውም ይተኩሳሉ። ቀን ሙሉ ስለፈልፍ ድምፄ ተዘጋ፤ ወሬም አለቀብኝ። ዝውውር ጠይቄ ኮሚቴው ጠባይህ ለዚህ ቦታ ነው፣ ጓደኛህም መስክሮልሃል ብሎ መለሰልኝ። አልተቀየምኩህም፤ ምስጢሬን ልትጠብቅልኝ ብለህ እንደጻፍከው አውቃለሁ። አሁን ግን ከመሐላው ፈትቼሃለሁ። የምታውቀውን ጻፍላቸው። ፈሪ ነው በላቸው።»

ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኩ። ታዲያ ፊተኛውን ለምን እንዲያ ሞላኸው ቢሉኝስ? ቦታውን ቢነጥቁኝስ? የመጀመሪያ ቦሎቄዬ አብቦ ነበር። ምርቱን ካነሣሁ በኋላ እጽፋለሁ አልኩ። ምርቱ ጥሩ ነበር፤ አለቃዬ አመሰገነኝ። እኔ እየመዘንኩ ሳለ፣ ጥቅምት 23 ቀን፣ ነጋሳ ሞተ።

ለእርስዎ የደረሰው ደብዳቤ «ሀገራዊ ግዴታውን ሲወጣ በጀግንነት ወደቀ» ይላል። በመስታወት አሠርተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ እኔው ነኝ ምስማሩን የመታሁት። ጥር ላይ ግን ኑሬ የሚባል ሾፌር ከዚያ ጣቢያ ዘር ሊጭን እኛ ዘንድ መጣ። ነጋሳን ያውቀው ነበር። በዚያ ቀን ጎህ ሲቀድ ሚሊሺያዎቹ በቆሎ ውስጥ በገባ ከርከሮ ላይ ተኮሱ። ከሰፋሪዎቹ ከመኝታው የተነሣ የለም፤ ለምደውታል። ነጋሳ ብቻ በባዶ እግሩ ወጥቶ ሮጠ። ቢጠሩት አልሰማም። ወንዙ ሞልቶ ነበር። እሱ ዋና እንደማይችል ያውቃሉ።

«ጠላት አልነበረም እኮ» አለኝ ኑሬ። «አለቆቹ ለእናቱ አዝነው ነው ጀግና ያሉት።»

ይህን ሰምቼ መጥቼ አልነገርኩዎትም። ለፋሲካ እርስዎ ዘንድ ስመጣ የስፌት መኪናውን አቁመው የጠየቁኝን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ የማልሰማው ቀን የለም። «ሰው ሁሉ ጀግና ነበር ይለኛል። እኔ የወለድኩት ልጅ መብረቅ ሲመታ ቀሚሴ ውስጥ የሚገባ ነበር። አንተ አብረኸው ኖረሃል። ልጄ ፈርቶ ይሆን?»

«አልፈራም» አልኩዎ።

«እንግዲያ አላውቀውም ነበር ማለት ነው» ብለው ወደ መኪናው ዞሩ።

ልጅዎን ሁለት ጊዜ ነው የወሰድኩብዎ። መጀመሪያ በሕይወት ሳለ፣ ቀጥሎ ደግሞ በዚያች «አልፈራም» ባልኩባት ቃል።

ግንቦት ላይ መምህር ወልደአማኑኤል ለስብሰባ መልካሳ መጡ። ነጋሳን አንሥተው አዘኑ። ቅጾቹን ለኮሚቴው ያነበቡት እሳቸው ኖረዋል። «የሁለታችሁ ወረቀት ስለገጠመ አምስት ደቂቃም አልፈጀብንም» አሉኝ። ነጋሳ ስለ እኔ ምን ብሎ እንደጻፈ ጠየቅኋቸው። አልረሱትም። «ኃይለየሱስ ግርግር አይወድም። ዘር ስጡት፣ ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ይውላል። ሰው የሚጎዳ ሰው አይደለም። እኔ እናቴ አጠገብ መሆን እፈልግ ነበር፤ የመልካሳው ቦታ ግን የሱ ነው።»

«ነጋሳም ቤቱ አጠገብ ቢሆን ይሻላል ብዬ ጽፌ ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«ቡልቡላ ያለው የችግኝ ጣቢያ ሰው አጥቶ ነበር» አሉ። «እዚያ እንልከው ነበር። ለምን ጠየቅኸኝ?»

ቡልቡላ፣ እትዬ የሺዓለም! በጠዋት ተሳፍሮ ለምሳ ቤትዎ የሚደርስበት። ለሁለታችንም ቦታ ነበር።

ሰኔ ላይ ነጋሳ በነበረበት ጣቢያ እንዲመድቡኝ አመለከትኩ። ባለፈው ሳምንት መልስ መጣ። በማኅደሬ የተመሰከረው ጠባዬ ለምርምር ሥራ ስለሚስማማ ባለሁበት እንድቀጥል ይላል። የመሰከረልኝ ነጋሳ ነው። ስለዚህ ጠዋት እነሣለሁ፤ ዘር እለቅማለሁ፤ እመዘግባለሁ። የተመኘሁት ሥራ ይኸው ነው፤ እንደተመኘሁትም ጸጥ ያለ ነው። የጻፍኩትን የዐሥር ዓመት ዕቅድ አንድ ቀን አውጥቼ ላነበው ሞከርኩ፤ ከመጀመሪያው ገጽ አላለፍኩም። ሰውዬውን አላውቀውም።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጽፍም። ቢሉኝም የት እንደማደርገው አላውቅም። ክፍሉን ያከራዩት፣ ወይም ለመሰለች ይስጧት። እሑድ አልመጣም። የሚጠይቁኝ ነገር ካለ ግን በመሰለች ይላኩብኝ፤ በማንኛውም ቀን መጥቼ ደጅ ቆሜ፣ የጠየቁኝን ሁሉ ሳልደብቅ እመልሳለሁ። እስከዛሬ «ልጅዎ» እያልኩ እፈርም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ስሜን ብቻ ነው የምጽፈው።

የወለዱትን ልጅ ያውቁት ነበር፣ እትዬ የሺዓለም። ነጋሳ ፈርቶ ነበር። ፈርቶም ጠርቶኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ።

ኃይለየሱስ