ንቦቹ ያልጨረሱት ፊት

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትይዣለሽ ወይስ ተሻለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ስበይድ መነጽሬን አደርጋለሁ፤ ስለ ዓይኔ አታስቢ።

ብየዳ ቤታችን አጠገብ አንዲት ሠዓሊ አለች። አንድ ቀን መጥታ የሞተች እናቷን ፊት በሽቦ እንድሠራላት ለመነችኝ። «አጥንቱን አንተ ሥራልኝ፣ ሥጋውን ንቦቼ ያለብሱታል» አለች። እኔማ ሴትየዋን ለቀቅ አድርጓታል ብዬ ነበር። ሽቦውን ሰም ቀብታ ጓሮዋ ካለው ቀፎ ከተተችው። ንቦቹ እውነትም ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አፍንጫውን በማር እንጀራ ሸፈኑት። ባየሁት ቁጥር አፌን ከፍቼ እቀር ነበር።

አፉ ብቻ ሲቀር ጎረቤቷ አጥሩ ላይ ያለውን አበባ ለትል ብሎ መድኃኒት ረጨው። በማግሥቱ ቀፎው ደጃፍ ላይ አብዛኞቹ ንቦች ረግፈው አገኘናቸው። ሠዓሊዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሥራዋን ለሰው የምታሳይበት ኤግዚቢሽን ደርሶ ነበርና «ሰም አቅልጠን እኛ እንሙላው፣ ማን ያውቃል?» አልኳት። ሰሙን አቀለጠች፣ ማንኪያውን አነሳች። ግን «ንቦቹ ባልሠሩት አፍ እናቴን አላናግራትም» ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ንቦቹን ለቃቅማ ከፊቱ ሥር ደረደረቻቸው።

ለኤግዚቢሽኑ ጎረቤትየውን ራሷ ጠራችው። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ፊቱንና የረገፉትን ንቦች አየና «እኔ ነኝ አይደል?» አላት። «አዎ» አለችውና ወንበር ሳበችለት። ሰውየው ኤግዚቢሽኑ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ተቀመጠ። አሁን መድኃኒት ሊረጭ ሲል አስቀድሞ በሯን ያንኳኳል፤ እሷም የተረፉት ንቦች እንዳይወጡ ቀፎውን ትዘጋባቸዋለች።

እኔ ግን፣ እማዬ፣ ያን አፍ የሌለው ፊት ሳይ አባቴ ትዝ አለኝ። ትዝ አለኝ ማለት እንኳ ይከብዳል፣ ሲሞት ገና ዳዴ እል ነበር። ያለችን አንዲት ፎቶም ከጢሙ በቀር አታሳይም። አንቺን እንዳላስከፋ ብዬ እስከዛሬ አልጠየቅኩሽም። ካልከበደሽ፣ ሲስቅ አፉ እንዴት እንደሚሆን ለእህቴ ንገሪያትና ትጻፍልኝ። መስታወት ፊት ቆሜ እፈልገዋለሁ።

እህቴን ጉንጯን ሳሚልኝ። ቀልደኛውን አጎቴን አዲስ ቀልድ ካለው እንዲልክልኝ፣ የድሮዎቹን በቃሌ እንደያዝኳቸው ንገሪልኝ። መንታዎቹን ሁለቱንም እኩል ሳሚያቸው፣ አለዚያ ይጣላሉ። አንቺን ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ
ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ግንቦት 14 ቀን